የሙስጠፋ ሰዒድ ወንጀልና የተራኪው ዝምታ፤ ስለ ሱዳናዊው ደራሲ ስለ ጣይብ ሳሊሕ

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ሎንዶን ጭጋግ ከዲከንስ፣ ስለ ሩሲያ በረዶ ከቶልስቶይ ተምረናል። የጎረቤታችን የሱዳን ገበሬ ግን ማታ ማታ በደጁ ተቀምጦ ምን እንደሚጫወት፣ ልጁን እንዴት እንደሚድር፣ ሙታኑን እንዴት እንደሚቀብር ብንጠየቅ የምንመልሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሱዳንን የምናውቃት ከታሪክ መጽሐፍ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ መውደቃቸውን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1933 ዓ.ም. ከካርቱም ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው መግባታቸውን ማንም ተማሪ ይናገራል። በጦርነትና በስደት ተዋወቅን እንጂ በሥነ ጽሑፍ አልተዋወቅንም ማለት ነው። ይህን ጉድለት በመጠኑ ሊያቃልል የሚችል አንድ ልብ ወለድ ታሪክ በቅርቡ ደግሜ ስላነበብሁ ለጓደኞቼና ለመምህራኖቻችን ላቀርበው አሰብሁ። ሐሳቤ ግን ማስተዋወቅ ብቻ አይደለም። መጽሐፉን ያነበቡ ብዙ ሰዎች ጥፋተኛውን በማይገኝበት ቦታ የፈለጉት ስለሚመስለኝ፣ በዚህ ነገር ልከራከርም ነው።

የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «ወደ ሰሜን የመሰደጃ ወራት» ሊባል ይቻላል። ደራሲው ጣይብ ሳሊሕ በሰሜን ሱዳን ከርመኮል በምትባል መንደር በ1929 ተወለደ፤ (ዓ.ም. ያላልሁበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በካርቱም ከተማረ በኋላ ወደ ሎንዶን ሄዶ በቢቢሲ የዓረብኛ ክፍል ብዙ ዓመት አገለገለ፤ ኋላም በቀጠር ማስታወቂያ ሚኒስቴርና በዩኔስኮ ሠርቶ በ2009 በሎንዶን ሞተ። ልብ ወለዱ በመጀመሪያ የወጣው በ1966 በቤይሩት ይታተም በነበረው «ሒዋር» በተባለው መጽሔት ላይ ነው። ዴኒስ ጆንሰን ዴቪስ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው በ1969 ታተመ፤ እኔም ያነበብሁት ይህን ትርጉም ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በገዛ አገሩ በሱዳን ታግዶ ነበር። 170 ገጽ ያህል ብቻ ስለሆነ በሁለት ማታ የሚያልቅ መጽሐፍ ነው፤ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ እንኳ በጊዜ ማጣት ሊያመካኝ አይችልም።

ታሪኩን የሚነግረን ሰው ስሙ አልተጠቀሰም። ሰባት ዓመት በአውሮፓ ተቀምጦ፣ ዝናው ብዙም ስላልወጣ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ባለቅኔ አጥንቶ፣ የዶክተርነት ማዕርግ ይዞ በዓባይ ዳር ወዳለችው መንደሩ ይመለሳል። ዘመዶቹ ከበውት ስለ ፈረንጆች ይጠይቁታል፤ እንዴት ያገባሉ? ገበሬስ አላቸው? እርሱም ከጥቂት ነገር በቀር እንደኛው መሆናቸውን ይነግራቸዋል። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ግን አንድ ምንም የማይጠይቅ፣ ዝም ብሎ ብቻ የሚያዳምጥ እንግዳ አለ። ሙስጠፋ ሰዒድ ይሉታል። ከአምስት ዓመት በፊት መጥቶ መሬት ገዝቷል፤ የማሕሙድን ልጅ ሑስናን አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዷል። አንድ ማታ በመጠጥ ላይ ሳሉ ይኸው ገበሬ በጠራ እንግሊዝኛ ግጥም ያነበንባል። ተራኪው ይደነግጣል፤ አንባቢም አብሮ ይደነግጣል። ከዚህ ገጽ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ መተኛት አስቸጋሪ ነው።

ሙስጠፋ ሰዒድ የተወለደው በ1898 በካርቱም ነው። ዓመቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ኪችነር የመሐዲስቶችን ጦር በኦምዱርማን ድል ነሥቶ ሱዳንን የያዘበት ዓመት ነው። አእምሮው እንደ ስለት ቢላዋ የሆነ ልጅ ስለሆነ እንግሊዞች ከካርቱም ወደ ካይሮ፣ ከካይሮ ወደ ሎንዶን ያሸጋግሩታል። ገና ወጣት ሳለ የኢኮኖሚክስ መምህር ይሆናል። ማታ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። ክፍሉን በዕጣንና በሰንደል አጥኖ፣ ምንጣፍና የዝሆን ጥርስ ደርድሮ፣ የእንግሊዝ ሴቶች ስለ «ምሥራቅ» በልባቸው የያዙትን ሕልም እየሸጠላቸው ያጠምዳቸዋል። ሦስቱ ራሳቸውን ይገድላሉ፤ አራተኛይቱን፣ ሚስቱን ጂን ሞሪስን፣ በገዛ እጁ ይገድላል። ተከሶ ሲቀርብ ጠበቃው ወንጀለኛው እርሱ ሳይሆን የሁለት ዓለማት ግጭት እንደሆነ ያስረዳል፤ እርሱ ግን ተነሥቶ ይህ ሁሉ ሐሰት መሆኑን፣ የሞተም ያልነበረም ሰው መሆኑን ለመናገር ይመኛል። አይናገርም። ሰባት ዓመት ይታሰራል፤ ከዚያም አገር ላገር ዞሮ በዓባይ ዳር ገበሬ ይሆናል።

ቀጥሎ በሐምሌ ወር ወንዙ በየሃያና በየሠላሳ ዓመቱ አንድ ጊዜ እንደሚሞላው አድርጎ ይሞላል፤ ሙስጠፋ ሰዒድም በዚያን ሰሞን ይጠፋል። ሰጠመ ይባላል፤ ሬሳው አልተገኘም። በዚህ ላይ የኛ አገር አንባቢ ከእንግሊዙ ወይም ከቤይሩቱ አንባቢ የተለየ ነገር ያያል። በሱዳን በረሓ ውስጥ ለምትገኝ ዝናብ ብዙ ለማታውቅ መንደር ያ ጎርፍ ከየት መጣ? ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውሃ ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህሉ ከኛ ደጋ የሚወርድ ነው፤ በክረምት ወራትማ ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። እኛ በሐምሌ ጃንጥላ ዘርግተን የምናማርረው ዝናብ ነው ሙስጠፋ ሰዒድን የወሰደው። ደራሲው ይህን ነገር አያነሣም፤ ሊያነሣም ግዴታ የለበትም። እኔ ግን ሳነብ ከልቤ አልወጣ አለ።

ብዙ ኃያስያን መጽሐፉን የሙስጠፋ ሰዒድ ታሪክ አድርገው ያነብቡታል። ቅኝ ገዢው በጦር ገባ፤ የተገዛው ልጅ በአልጋ ተበቀለ፤ እንግዲህ መጽሐፉ የምሥራቅና የምዕራብ ጠብ ነው ይላሉ። ለዚህም ማስረጃ አይጠፋም። ሙስጠፋ ሰዒድ ራሱን ከሼክስፒር ኦቴሎ ጋር ያስተያያል። ኪችነር በአትባራ የተማረከውን ማሕሙድ ወድ አሕመድን በእግር ብረት አቁሞ «አገሬን ልታጠፋ ለምን መጣህ» በሚል ዓይነት ቃል መጠየቁንም ያስታውሳል፤ ጠያቂው መጤ፣ ተጠያቂው ባለ አገር ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሙስጠፋ ሰዒድ መጽሐፉ ከእኩሌታ ሳይደርስ ሞቷል። የቀረው ገጽ ስለ ማን ነው? በኔ አስተያየት የመጽሐፉ ፍርድ የወደቀው በገዳዩ ላይ ሳይሆን ምንም ሳያደርግ በቀረው በምሁሩ፣ በተራኪው ላይ ነው። የሎንዶኑ ታሪክ ለዚህ ፍርድ መንደርደሪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙስጠፋ ሰዒድ ከመጥፋቱ በፊት በጻፈው ደብዳቤ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ንብረቱን ለተራኪው አደራ ሰጥቶ ሞግዚት አድርጎታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወድ ረይስ የሚባል ሰባ ዓመት የደረሰ ሽማግሌ፣ ሚስት በማብዛት የታወቀ ሰው፣ ሑስናን ካላገባሁ ይላል። ይህ ሽማግሌ የተራኪው አያት የጨዋታ ጓደኛ ነው፤ አንባቢ በምሽት ጨዋታው ስቆለታል። ሽማግሌው ተራኪውን አማላጅ እንዲሆነው ይጠይቀዋል። ተራኪው ይቈጣል፤ ግን ይሄዳል። ሑስናም በግድ ከዳሩኝ እርሱንም ራሴንም እገድላለሁ ብላ ቁርጡን ትነግረዋለች። ከዚህ የበለጠ ግልጥ ማስጠንቀቂያ በየትም መጽሐፍ አላነበብሁም። ጓደኛው ማሕጁብም ለምን አንተ አታገባትም ይለዋል። ተራኪው በዚያች ደቂቃ እንደሚወዳት ይገባዋል። ከዚያስ? ለሥራው ወደ ካርቱም ይመለሳል።

አባትዋና ወንድሞችዋ በግድ ዳሯት። ሁለት ሳምንት ያህል ሽማግሌውን አላስነካችም። ከዚያ የሆነውን በነገረችው ቃል እርሱንም ራስዋንም ገደለች። መንደሩ ነገሩን ሸፋፍኖ ሁለቱንም ያለ ለቅሶ ቀበረ። የወድ ረይስ የመጀመሪያ ሚስት መብሩካ ብቻ መቃብሩን በገዛ እጁ ቈፈረ ብላ እልል አለች። ተራኪው ቴሌግራም ደርሶት ሲመጣ ሁሉ አልፏል፤ ሌላም ነገር ይሰማል። ሑስና አስቀድማ ወደ አባቱ ቤት መጥታ፣ ከሽማግሌው እንድተርፍ ልጅህ ለስሙ ያህል ብቻ ያግባኝ፣ ከልጆቼ ጋር ተቀምጬ ልኑር ብላ ለምና ነበር። እንግዲህ መድኀኒቱ እርሱ ራሱ ነበር። የሚጠየቀውም ጦር አንሥቶ መዋጋት አልነበረም፤ የአንድ ቃልና የአንድ ፊርማ ነገር ነበር።

ይህን ክፍል ሳነብ የቈጠቈጠኝ የሽማግሌው ጭካኔ አይደለም። ወድ ረይስ ከአባቶቹ የወረሰውን ልማድ ሲፈጽም አላፈረም፤ ልማዱ ትክክል መሆኑንም አልተጠራጠረም። ተራኪው ግን ልማዱ ክፉ መሆኑን ያውቃል። አውሮፓን አይቷል፤ ስለ ነፃነት የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል፤ በትምህርት ሚኒስቴርም ባለ ሥራ ነው። በአንድ ቦታ ማሕጁብ ስለ መንደሩ ችግር እየተናገረ፣ አንተስ በካርቱም ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ በሚል ዓይነት ይወቅሰዋል፤ ተራኪውም እንደኔ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ የሚለውጠው ነገር የለም ሲል ይመልሳል። ይህንን መልስ ሑስና ከመሞቷ በፊት በተቀመጠበት ቦታ ስናነበው እንደ ተራ ጨዋታ ያልፋል፤ ከሞተች በኋላ ተመልሰን ስናነበው ግን የክስ ቃል ሆኖ ይገኛል። በካርቱም ስለ ትምህርት የተደረገውን የአፍሪቃ ሚኒስትሮች ጉባኤና እምነ በረድ የተነጠፈበትን አዳራሽ፣ የአዲሶቹን ገዢዎች የድሎት ኑሮ ለማሕጁብ ሊነግረው ይፈልጋል፤ የሚያምነው ስላልመሰለው ይተወዋል። ዝም ማለት የዚህ ሰው ልማድ ነው። ሙስጠፋ ሰዒድ በሎንዶን ፍርድ ቤት ሊናገር ፈልጎ ዝም አለ፤ ተራኪው በመንደሩ ሊናገር ፈልጎ ዝም አለ። ደራሲው ሁለቱን ሰዎች ያጋባቸው በዚህ ነው እንጂ ሁለቱም ሎንዶን በመኖራቸው ብቻ አይመስለኝም።

ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ታሪክ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ አወቀ የተባለው ባለታሪክ ከፓሪስ ተመልሶ ስለ ለቅሶ፣ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ብዙዎቻችን ይህን መጽሐፍ ስብከት ይበዛበታል ብለን እንንቀዋለን፤ እውነትም ይበዛበታል። አወቀ ግን ያመነበትን ለመፈጸም ይሞክራል፤ ዘመድ ቢያኰርፍም፣ ሰው ቢስቅበትም ወደ ኋላ አይልም። ኅሩይ የተማረ ሰው አገሩን ያቃናል ብለው ሲጽፉ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ ጣይብ ሳሊሕ የተማረ ሰው ሁሉን አይቶ ዝም ይላል ብሎ ጻፈ። በሥነ ጽሑፍ ጥበብ የሱዳናዊው መጽሐፍ እንደሚበልጥ አልክድም። ሁለቱን ጐን ለጐን አስቀምጦ ማንበብ ግን ለማንኛውም የዚህ ኮሌጅ ተማሪ ይጠቅማል፤ ከሁለቱ ማንን እንደሚመስል ራሱ ይፍረድ።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አልልም። የሎንዶኑ ክፍል ከመንደሩ ክፍል ይቀጥናል። ራሳቸውን የገደሉት ሴቶች ሁሉ በሦስት አራት ገጽ ገብተው ይወጣሉ፤ ሰው ከመሆናቸው ይልቅ የአንድ አሳብ ምሳሌ ሆነው የቀሩ ይመስላል። ጂን ሞሪስ እንኳ፣ የታሪኩ ሁሉ ቍልፍ ሆና ሳለ፣ ለምን ሞትን እንደምትመኝ አይገባንም። አንዳንድ አንባቢ ይህ የሙስጠፋ ሰዒድ አተራረክ ስለሆነ ነው፣ ሴቶቹን እንደ አደን ስላያቸው ነው ብሎ ሊመልስልኝ ይችላል። መልሱ ብልህ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አላረካኝም። ሑስናም ብትሆን በመጽሐፉ ውስጥ የተናገረችው ቃል ተሰብስቦ ቢቈጠር ከሁለትና ከሦስት ገጽ አያልፍም።

የመንደሩ ክፍል ግን በጣም ያስደስታል። የአያቱ የሐጅ አሕመድ አሮጌ ቤት ከአንድ ዛፍ በተጠረበው ወፍራም በሩ፣ ዓመት ዓመት በሚለቀለቀው ጭቃው፣ በሽንኵርቱና በስንዴው ሽታ ሳይቀር ይታያል። በሩን የሠራው ወድ በሲር የሚባል የመንደሩ ጠራቢ ነው፤ በሬ የሚያዞረውን የውሃ መቅጃ መንኰራኵርም እርሱ ነበር የሚሠራ። አሁን ውሃውን የሚስበው ሞተር ሆኗል፤ ሰዎችም የብረት በር ከኦምዱርማን ይገዛሉ። ደራሲው ሰውየው ሥራ መፍታቱን ይጠቅሳል እንጂ ስለ ሥልጣኔ አንድ ቃል አይሰብክም። ደግሞም ቢንት መጅዙብ የምትባል አሮጊት አለች፤ ከወንዶች ጋር ተቀምጣ ትጠጣለች፣ ታጨሳለች፣ እንደ ወንድ «ይፍታኝ» እያለች በፍቺ ትምላለች፤ ብዙ ባሎች ቀብራለች፤ በጨዋታዋ ሽማግሎቹን እስኪያነቡ ታስቃለች። ኋላ የሑስናን ሞት ለተራኪው ደፍራ የምትነግረው ይህችው ሴት ናት፤ እርስዋም ብትሆን መጠጥ ቀርቦላት ነው። እንግሊዝኛው እነዚህን ጨዋታዎች አደብዝዟቸው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሲያነባቸው ግን በልቡ ወደራሱ ቋንቋ እየመለሰ ስለሚሰማቸው ከእንግሊዙ አንባቢ የሚቀርበት ነገር ያንሳል። እንዲህ ያሉ አሮጊቶች በየመንደራችን አሉና።

አንድ ምዕራፍ በተለይ እንዲነበብ እመክራለሁ፤ ተራኪው በጭነት መኪና በረሓውን አቋርጦ ወደ ካርቱም የሚሄድበትን ማለቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ትጠብሳቸዋለች፤ ጥላ የለም፣ የሚታይ ነገር የለም። ሲመሽ ይቆማሉ። ሌሎች መኪናዎችም መጥተው ይቆማሉ፤ መብራታቸውን ወደ መካከል አዙረው ያበሩታል፤ ዘላኖች ከየአሸዋው ብቅ ይላሉ፤ ሳይታሰብ መጠጥ፣ ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ እስከ ንጋት ይዘልቃል። ሲነጋ ሁሉም በየመንገዱ ይበተናል። ለታሪኩ ሂደት አንዳች አይጨምርም፤ ቢወጣ ማንም አያውቅም። ግን ጥላቻና ሞት በሞላበት መጽሐፍ መካከል ሰዎች ያለ ምክንያት የተደሰቱበት ሌሊት ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ደራሲው ይህን ምዕራፍ ሑስና ከመሞቷ በፊት ማስቀመጡ የአጋጣሚ ነገር ሊሆን አይችልም።

በዚህ መጽሐፍ የተደሰተ ሰው «የዘይን ሠርግ» የተባለውን አጭር ልብ ወለዱን ቢፈልግ ይጠቀማል፤ መንደሪቱ ያችው ናት፣ ጨዋታው ግን በሳቅ የተሞላ ነው። ኩዌታዊው ኻሊድ አል ሲዲቅ በ1976 ፊልም አድርጎ አውጥቶታል። በ1960 የተጻፈው «የወድ ሐሚድ የዱም ዛፍ» የሚለው አጭር ታሪክ ደግሞ መንግሥት ለመርከብ ማቆሚያና ለውሃ መሳቢያ ሞተር ሲል ሊቈርጠው ስላሰበው፣ የመንደሩ ሰዎችም እንደ አድባር ስለሚያከብሩት ዛፍ ነው። እንደኔ አስተያየት ለመጀመር የሚሻለው እርሱ ነው።

ወደ ተራኪው ልመለስ። ሙስጠፋ ሰዒድ በመንደሩ ቤቱ ውስጥ ማንንም የማያስገባበት አንድ ክፍል ነበረው፤ ቍልፉም ለተራኪው በአደራ ደርሷል። ሑስና ከሞተች በኋላ ተራኪው በቍጣ ሊያቃጥለው ይገባል። ክብሪት ሲጭር አንድ ፊት ሲያፈጥበት ያያል፤ ጠላቴ ሙስጠፋ ሰዒድ ነው ይላል፤ መስተዋት ኖሯል፤ ያየው የገዛ ፊቱን ነው። ክፍሉ በእንግሊዝ አሠራር የእሳት ምድጃ ያለበት፣ መጽሐፍ ከምድር እስከ ጣራ የተደረደረበት ነው። ከነዚያ ሁሉ መካከል አንድም የዓረብኛ መጽሐፍ የለም፤ ቍርዓኑ እንኳ እንግሊዝኛ ነው። የሕይወቴ ታሪክ ተብሎ የተጀመረ ደብተር ደግሞ ከመታሰቢያው ገጽ በቀር ባዶ ሆኖ ይገኛል። ተራኪው ክፍሉን ሳያቃጥል ይወጣል። በዚህም አንባቢ ሊናደድ ይችላል፤ እዚህ እንኳ አንድ ነገር ማድረግ አቃተው ብሎ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንዙ ሄዶ ይገባል። ዋኝቶ ወደ ሰሜኑ ዳር ሊሻገር ይጀምራል፤ ከመካከል ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ወደ ፊት መሄድ አይችልም፤ ወደ ኋላም መመለስ አይችልም፤ ውሃው ወደ ታች ይስበዋል። በዚያች ቅጽበት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ መርጦ እንደሚያውቅ፣ መኖርን ይመርጣል፤ ያለውን ኃይል ሁሉ አሰባስቦ እርዱኝ ብሎ ይጮኻል። ሰው ደረሰለት ወይም አልደረሰለት፣ ደራሲው አልጻፈም፤ መጽሐፉ እዚያው ላይ ያበቃል።